የዝምበል ጥርሶች

አክስቴ የሰው ጥርስ እየነቀለች ወታደር ትሠራ ነበር።

ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ እኔ ጥርሱን አያለሁ፤ ከልጅነቴ የቀረ አመል ነው። ነገሩ እውነት እንዳልሆነ ካወቅሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ሰባት ዓመት በሞላኝ ጊዜ ግን ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር አልነበረም። ዝም ብሎ የልጅ ወሬም አይደለም፣ ማስረጃ ነበረኝ።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፤ መንገድ ዳር ባለችው የፊት ክፍላችን ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ከበሩ በላይ የምትስቅ ትልቅ ጥርስ የተሳለችበት ታፔላ ተሰቅሏል። ጥርሷ ዓይንም አፍም አላት፤ አፏ ውስጥ ደግሞ ሌሎች ትንንሽ ጥርሶች አሉ። ጥርስ እንዴት ጥርስ ያበቅላል እያልኩ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ አለ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ሂጂ ተጫወቺ» ነበር የሚለኝ።

ጥርስ ሐኪሙ የታካሚዎቹን የአፍ ልክ ይልክላታል። እሷ ልኩ ላይ ጄሶ ታፈስሳለች፣ በሰም ትቀርጻለች፣ ከዚያ ነጭና ሮዝ ዱቄት አፍንጫ ከሚሰነፍጥ ፈሳሽ ጋር አደባልቃ ጥርስና ድድ ታቦካለች። መደርደሪያው ላይ የማላውቃቸው ሰዎች የጄሶ መንጋጋ አፉን ከፍቶ ተሰልፏል። ክፍሉ ስገባ ለሁሉም ሰላም እላቸው ነበር፤ ባለቤቶቹ ትልልቅ ሰዎች እንደሆኑ ስለማውቅ።

ያ ሊጥ ቶሎ ይደርቃል። አክስቴ ደግሞ የተረፈ ነገር መጣል አይሆንላትም። በሰም ቢላዋዋ እየፋቀችና እየቆነጠረች ከትንሿ ጣቴ የማይበልጡ ተዋጊዎች ታወጣለች። ሰውነታቸው ከጥርሱ ነጭ፣ ካባቸው ከድዱ ሮዝ። ሲደርቁ በመሞረጃው ታለሰልሳቸውና ጫፉ ላይ ሦስት ፀጉር ብቻ የቀረው በሚመስል ብሩሽ ትቀባቸዋለች። ቀበቶ አላቸው፣ የቀበቶ ዘለበት አላቸው፣ አንዱማ ጉንጩ ላይ ብጉር ነበረው። ቅንድብ ስትሥል ትንፋሿን ትይዛለች፤ ቤቱም አብሯት እንዲይዝ ትፈልጋለች። «ቅንድብ ላይ ነኝ!» ብላ ከጮኸች እናቴ እንኳን ድስት አትከድንም።

አንድ ቀን ሦስቱን ተራ በተራ እያነሳሁ ጠየቅኋት።

«ይሄ ማነው?»

«እሱ ከጡረተኛው ዳኛ የተረፈ ነው።»

«ይሄስ?»

«ከዳቦ ቤቷ ሴትዮ።»

«ይሄ ወፍራሙስ?»

«እሱ የሹፌሩ ነው። ሹፌሩ ትልቅ አፍ ነበረው፣ ብዙ ተረፈኝ።»

እስቲ ፍረዱ። ዳኛው በጥርስ ሕመም ፊቱ አብጦ ይመጣል። ከዚያ አዲስ ጥርስ ገጥሞ ይሄዳል። አሮጌውስ የት ገባ? ማንም አይጠይቅም። አክስቴ እጅ ላይ ግን ከዳኛው የተረፈ፣ ነጭ፣ ጠንካራ፣ ጦር የያዘ ሰው አለ። ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

በዚያው ሰሞን የፊት ጥርሴ መነቃነቅ ጀመረ። አክስቴ አገጬን ይዛ ወደ መብራቱ አዞረችኝና በሙያ ዓይን አየችው። «ይሄ ሲወልቅ ለኔ ነው፣ ሚጢ። ለማንም እንዳትሰጪ» አለች። ስቃ ነው ያለችው። እኔ ግን በቁም ነገር ወሰድኩት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥርሴን በምላሴ እየነካካሁ ምን ዓይነት ወታደር እንደሚወጣው ማሰብ ሥራዬ ሆነ። እግረኛ እንዲሆን አልፈለግሁም። ቢያንስ ፈረስ ይገባዋል።

አባቴ መድኃኒት ቤት ነበረው፤ ነገር ሁሉ በልክና በመጠን እንዲሆን የሚወድ ሰው ነው። ተዋጊዎቹን ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል።

«ሠላሳ ዓመት አልፏት አሻንጉሊት ትቀባለች» ይላል ለእናቴ፣ አክስቴ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

«ሰው ምን ጊዜ ዝም ብሎ ያውቃል?» ትላለች እናቴ።

ስለዚህ ደንበኛ ሲመጣ ጦሩ በሙሉ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ይሄም ለእኔ ማስረጃ ነበር። ንጹሕ ሰው ምን የሚደብቀው ነገር አለው?

እንግዲህ ወደ ዝምበል ልምጣ። ዝምበል የትምህርት ቤታችን ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። ስሙን ያወጡለት ከእኛ በፊት የነበሩ ልጆች ናቸው፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክሮፎኑን ይዞ ከዚህች ቃል ሌላ የሚናገረው እምብዛም ስለሆነ። ረጅም ነው፣ ከረባቱ አንድ ቀን ተጣሞ አያውቅም፣ ራሱም ስቆ አያውቅም። ኮሚክ ይዞ የተገኘ ልጅ ደግሞ አለቀለት። ካባ ለብሳ ስለምትበርረው ፍየል የሚያወራ አንድ ኮሚክ ነበረኝ፤ ከደብተሬ ሥር በሁለት ጣት ስቦ አወጣው። እንደ ሞተች አይጥ አንጠልጥሎ ወሰደው። አልቅሼ አልቅሼ ዓይኔ አበጠ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሄ ሰው ቤታችን መጣ። ጉንጩን በእጁ ደግፎ፣ በሌላ እጁ በመሃረብ የተጠቀለለ ስባሪ ጥርስ ይዞ። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ሆኜ አየሁት። አክስቴ ቸኩላ ጦሩን ወደ መሳቢያ ስትገፋ ግማሹ መሬት ላይ ተበተነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? ዝምበል ጉንጩን ለቆ ተንበረከከና አብሯት መልቀም ጀመረ። አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው፤ ለረጅም ጊዜም አየው። እኔ ቆሜ የጠበቅሁት «ዝም በል!» እስኪለው ድረስ ነበር።

«ጥላውን እንዴት ነው ያወጡት?» አለ በቀስታ። «የእኔ ሁልጊዜ ጭቃ ይመስላል።»

ዛሬ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳስባት እስቃለሁ። ያ የሚፈራ ሰው፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ፣ አልጋው ሥር በሻንጣ የታጨቀ፣ በእጁ የቀባው የአሻንጉሊት ጦር ነበረው። ለአንድም ሰው ተናግሮ አያውቅም። ምክትል ርዕሰ መምህር ትንንሽ ፈረስ ይቀባል ቢባል ማን ይሰለፍለታል? ያን ዕለት ግን ይሄን ሁሉ አላወቅሁም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰውዬው በጥርስ መጣ፣ አክስቴም ያዘችው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይመጣል። ጥቁር ሻንጣ ይዞ፣ ከረባቱን አስሮ። አባቴ አንድ ደንብ አወጣ፤ በሩ ገርበብ ይበል እንጂ እንዳይዘጋ። ይሄ ደንብ ለማን እንደወጣ አላውቅም፣ የጠቀመው ግን እኔን ነው። በክፍተቱ በኩል አንድ ዓይኔና አንድ ጆሮዬ በደንብ ይገባሉ።

«አንተ! እጅህን ከዚያ ላይ አንሳ!» አለች አክስቴ።

አንተ አለችው! ርዕሰ መምህርቷ እንኳን «እርስዎ» ነው የምትለው። ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ነገር ተንኳኳ፤ ኳ ኳ ኳ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ከሩቅ አየሁት፤ ትንንሽ ነው፣ ነጭ ነው፣ ጠንካራ ነው።

«እሰይ! ሁለቱ ወደቁ!»

«ኧረ ስለ ፈጠረሽ! የፊቶቹን ተይልኝ፣ በኋላዎቹ በኩል ነይ!»

«ከፊት ነው የምጀምረው። ፊቱን አንዴ ከከፈትኩት የኋላው ራሱ ይረግፋል።»

«ጨካኝ ነሽ።»

«ገና ምን አይተህ!»

ሰውዬው ሲወጣ ፊቱ ቀልቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ መሃረቡን አፉ ላይ ጭኖ ነበር። «መልካም ቀን» አለ በመሃረቡ ውስጥ። ዛሬ እንደማውቀው የተበተነው የጨዋታ ዳይስ፣ የወደቁትም ወታደሮች ነበሩ፤ እሱም ሲስቅ ቆይቶ ነው። ፊቱ ወደ ምክትል ርዕሰ መምህርነቱ እስኪመለስለት ድረስ መንገድ ላይ መሃረብ ያስፈልገው ነበር። ያኔ ግን ደም እየጠረገ መሰለኝ፤ ጠላቴም ቢሆን አዘንኩለት።

እናቴ በመስኮት እያየችው፣ «ይሄ ሰው ስንት ጥርስ ቢኖረው ነው በየሳምንቱ የሚመጣው?» አለች።

«አንቺ ደግሞ! ልጅቷ ትሰማለች» አለ አባቴ።

ሰማሁ እንጂ! እናቴም አባቴም ያውቃሉ ማለት ነው። አውቀው ዝም ብለዋል። ቤተሰባችን በሙሉ በአንድ ሰው አፍ ላይ ተባብሯል።

የባሰው ደግሞ ከአክስቴ መሥሪያ ጠረጴዛ ሥር ፍየሌን ማግኘቴ ነው። ያቺው ካባ የለበሰችው ፍየል፣ ሽፋኗ ላይ ያፈሰስኩት ሻይ ሳይቀር። ወዲያው ገባኝ። ጥርሱ ሲነቀል ሕመሙን እንዲረሳ ኮሚክ ትሰጠዋለች። እሱም የእኛን ኮሚክ የሚነጥቀን ጨክኖ ሳይሆን ሕመሙ ብዙ ስለሆነ ነው። ይቅርታ አደረግሁለት። ነገሩ ቆይቶ ሲጣራ፣ ሰውዬው ኮሚክ በጣም ይወድ ነበር። ኪዮስክ ሄዶ እንዳይገዛ ባለ ኪዮስኩ ልጆቹን የሚያስተምርለት ሰው ስለሆነ ያፍራል። ስለዚህ እየወረሰ ያነብባል፣ ካነበበ በኋላም ለአክስቴ ያውሳታል።

ጭንቀቴ እየበዛ ሄደ። ሰው ጥርሱ ያልቃል። ሲያልቅ ምን ይሆናል? ሰው ይጠይቃል። ሲጠየቅ ደግሞ አክስቴ ትታሰራለች። እኔ አክስቴን ከማንም አብልጬ እወዳታለሁ፤ በቤቱ ውስጥ «ሂጂ ተጫወቺ» ሳትል ከእኔ ጋር የምትጫወት እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ማጣራት ነበረብኝ። ሰውዬው ምን ያህል ቀርቶት እንደሆነ ማወቅ።

አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ ጠየቅኋት። «የዝምበልን ጥርስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አሰበች። «አላውቅም» አለች። ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ። «ለምን?»

ነገርኳት። ለማንም እንዳትናገር አስምዬ ነገርኳት። የልጅቷ ቅጽል ስም ሬዲዮ ነበር። ሬዲዮ ለምትባል ልጅ ምስጢር የሚነግር ሰው ምን ይባላል? እኔ እባላለሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የዕረፍት ደወል ሳይደወል አራተኛ ክፍል ደርሷል። በማግሥቱ ሰልፍ ላይ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አንገቱን አስግጎ የዝምበልን ከንፈር ያያል። እሱም ነገሩ ግራ ገብቶት ከንፈሩን ይበልጥ ይገጥማል፤ በገጠመ ቁጥር ደግሞ «አየሽ? አለቀ!» ይባላል። አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ የበሰለ ሙዝ አስቀምጣለት ሮጠች፤ ማኘክ አይችልም ብላ ነው። ሌላው የዳቦውን መሃል ለይቶ፣ ቅርፊቱን ራሱ በልቶ፣ ለስላሳውን አመጣለት። ያ ሁሉ ልጅ የሚጠላው ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ የትምህርት ቤቱ ድኩም ሆነ።

ወሬው ግን አጥር ዘልሎ ወጣ፤ ከወጣ በኋላም እንደ እኛ ልጅ ሆኖ አልቀረም። አንዲት እናት አባቴ መድኃኒት ቤት ገብታ የጥርስ ማስታገሻ ጠየቀች።

«ለማን ነው?» አላት አባቴ።

«ለምክትሉ ነው። ልጄ አልቅሳ መድረሻ አሳጣችኝ፣ ‹ጥርሱን እየጨረሱበት ነው፣ ግዢለት› እያለች።» ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አለችና ድምፅዋን ቀነሰች። «ለነገሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእህትህ ቤት ነው የሚውለው አሉ። ምን ዓይነት ጥርስ ነው፣ ሳምንት እየጠበቀ የሚያመው?»

አባቴ የዚያን ቀን መድኃኒት ቤቱን ቀደም ብሎ ዘግቶ መጣ። ምግብ ሲቀርብ እጁን አልዘረጋም።

«ስማችን ሰው አፍ ውስጥ ገብቷል» አለ።

«የገባው የእኔ ስም ነው» አለች አክስቴ።

«የአንቺ ስም ማለት የእኛ ስም ነው። ሰውዬው የሚፈልገው ነገር ካለ በደንቡ ይምጣ፤ ከሌለው ደግሞ በደንቡ ይቅር። ለመሆኑ እዚያ ውስጥ ምንድን ነው የምትሠሩት?»

በአሻንጉሊት ጦርነት እንጫወታለን ብሎ ለአባቴ መናገር ለአክስቴም ከበዳት። «ሥራ ነው» አለች፤ ተነሥታም ወደ ክፍሏ ገባች።

ቅዳሜ ደረሰ። አክስቴ አረንጓዴውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ጦሯን ደረደረች፣ ፀጉሯን አበጠረች፣ ቁጭ አለች። ዝምበል አልመጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜም አልመጣም። ምክንያቱን የነገረኝ ከዘመናት በኋላ ነው፤ ወሬው ለእሱ ጆሮም ደርሶ ኖሮ፣ የእሷን ስም ልጠብቅ ብሎ እግሩን አሳጠረ። ሰው ሲያፈቅር አንዳንዴ እንዲህ ጅል ይሆናል።

አክስቴ ወታደሮቹን አንድ በአንድ በጥጥ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ከተተች። መሞረጃው ዝም አለ። «ቅንድብ ላይ ነኝ!» የሚል ጠፋ፤ እናቴ ድስቷን እንደልቧ ትከድናለች፣ ግን ደስ አላላትም። አንድ ጊዜ ስገባ አክስቴ ካርቶኑ ላይ ተደፍታ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«ቀለም ዓይኔ ገብቶ ነው።»

ቀለሙ በሙሉ ተከድኗል፤ አይቻለሁ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ የሰውዬው ጥርስ አልቋል። የሚያመጣው ነገር ስለሌለው ባዶ እጁን መምጣት አፍሯል። አክስቴ ደግሞ ያለ እሱ መኖር አቅቷታል። እንግዲህ ለዚህ ቤት የሚተርፍ ጥርስ ያለው ማነው?

ምላሴን ወደ ፊት ጥርሴ ሰደድኩ።

ክር አመጣሁ፤ አንዱን ጫፍ ጥርሴ ላይ፣ ሌላውን የአክስቴ ክፍል በር እጀታ ላይ አሰርኩ። ሰው በሩን እስኪከፍት ብጠብቅ ብጠብቅ የሚመጣ የለም። ቤቱ ሐዘን ላይ ነው። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ በሩን ራሴ በእግሬ ገፋሁት። አመመኝ፤ ደማም። ግን አላለቀስኩም፣ ዝምበል ያን ሁሉ ጊዜ የቻለውን እኔ አንዷን አልችልም?

በማግሥቱ ሰልፉ ቆመ፣ ዝምበል ማይክሮፎኑን ያዘ። እኔ ከሰልፌ ወጣሁ። ከሰልፍ የወጣ ልጅ በትምህርት ቤታችን ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። በግቢው መሃል ብቻዬን ስሄድ የራሴ ጫማ ድምፅ ይሰማኛል። ከፊቱ ቆሜ ጥርሴን የጠቀለልኩበትን ጥጥ ዘረጋሁለት። ጎንበስ አለ፤ ማይክሮፎኑም አብሮት ጎንበስ አለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጥርስ ነው መምህር። የራሴ ነው» አልኩ፤ ድምፄ በድምፅ ማጉያው ግቢውን ሞላው። «አልቆብዎት ከሆነ ይሄን ይዘው ቅዳሜ ይምጡ። አክስቴ ጨርቁን ዘርግታ ጠብቃዎት ነበር። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ጠበቀችዎት። አንድ ቢሆንም ይበቃታል፣ የፊት ነው።»

አጥሩ ጋ ልጆቻቸውን ያደረሱ ወላጆችም ቆመዋል። ርዕሰ መምህርቷ አፏን በእጇ ያዘች። ዝምበል ጥጡ ውስጥ ያለውን ጥርስ አየ፣ እኔን አየ፣ የጎደለውን ድዴን አየ። መሃረቡን ለማውጣት እጁን ኪሱ ከተተ፤ ግን ጊዜ አላገኘም። ከሆዱ አንድ ነገር መጣና አፉ ተከፈተ።

ሳቀ! ማይክሮፎኑ ላይ ሳቀ። ጉልበቱን ይዞ ሳቀ፣ ከረባቱ ትከሻው ላይ ወጣ። የፊቶቹም፣ የኋላዎቹም፣ አክስቴ የጠገነችው ስባሪም ሳይቀር ሁሉም ፀሐይ ላይ ወጡ።

«አሉ!» ብላ ጮኸች ሬዲዮ ከሰልፉ መሃል። «ሁሉም አሉ! አልተነቀሉም!»

ትምህርት ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ጠዋት በኋላ «ዝም በል» ቢል የሚሰማው አልነበረም፤ እሱም ብዙ አልደከመም።

ቅዳሜ መጣ። በፊት ክፍሉ በር ሳይሆን በዋናው በር አንኳኳ። አባቴ ራሱ ከፈተለት።

«መምህር፣ ይግቡ። ግን አስቀድመን እንነጋገር። ነገሩ ምንድን ነው?»

«ጦርነት ነው» አለ ዝምበል።

ሻንጣውን የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ከፈተው። ፈረሰኞች፣ ቀስተኞች፣ ባንዲራ ተሸካሚዎች፣ አንድ እግሩ በፋሻ የታሰረ ውሻ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ፤ ከዚያ ወጥቼ «ይሄ ሁሉ የማን ጥርስ ነው?» አልኩ። እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓዳ ሮጠች። አክስቴ ጎንበስ ብላ አቀፈችኝና እውነቱን የነገረችኝ ያኔ ነው። «ጥርስ ወታደር አይሆንም፣ ሚጢዬ። ከሊጡ የተረፈ ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬም፣ ተናድጄም አላውቅም። «ታዲያ የእኔ ጥርስስ?» አልኩ። ዝምበልና አክስቴ ተያዩ። «ደህና ቦታ ነው» አለ እሱ።

አባቴ ይሄን ሁሉ አልሰማም። አንድ ፈረስ አንስቶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እያየ ነው።

«ይሄ ሰኮናው ላይ ያለው... ምስማር ነው?»

«ምስማር ነው።»

«አራቱም እግሩ ላይ አለው?»

«አራቱም እግሩ ላይ።»

አባቴ እያንዳንዱን እግር አገላብጦ አጣራ። ክኒን ቆጥሮ የኖረ ሰው ነው፤ በልክ የተሠራ ነገር ሲያይ አቅም ያጣል። ከዚያ ጦሩ ተሰለፈ፤ እሱም «ለማየት ብቻ ነው» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «ሚጢ፣ በሩን ዝጊው። አቧራ ይገባል» አለ።

የተጋቡት በዓመቱ ነው። ያጋባኋቸው እኔ ነኝ ብዬ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ፤ አንድ ጥርስ አውጥቼበታለሁ። ውለታው የተከፈለኝ ፍየሌን በመመለስ ነው። ኮሚኩን ስከፍተው ፊደሉና ነጥቡ በሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል፤ ፍየሏ ከሰማይ እየወደቀች «አድኑኝ» የምትልበት ቦታ ጎን «ቃለ አጋኖ የት አለ?» ተብሎ ተጽፏል። ከሠርጋቸው በኋላ በጦራቸው ፊት አንድ አዲስ ጄኔራል ቆመ፤ በነጭ ፈረስ ላይ፣ ነጭ ጋሻ የያዘ። ማንንም እንድነካ ይፈቀድልኛል፤ እሱን ግን አይፈቀድም።

አሁን ሁለቱም አርጅተዋል። ዓይናቸው ቅንድብ መሣል አልችል ስላለ በኢንተርኔት ጌም ጀምረዋል። ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ማዳመጫ ጭነው፣ የልጅ ልጅ ከሚሆኗቸው ልጆች ጋር ይዋጋሉ። የእሱ የመጫወቻ ስም ዝምበል ነው፤ እኛ ምን እንደምንለው ለካ ድሮም ያውቅ ኖሯል። ጥርሱም በስተመጨረሻ እውነትም አለቀ። አክስቴ ላይኛውንም ታችኛውንም ሠራችለት። ማዳመጫው መንጋጋዬን ይጫነኛል እያለ ሲዋጋ አውልቆ ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ ጓደኞቹ የሚሰጣቸው ትእዛዝ አይገባቸውም፣ ይሸነፋሉ።

ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ አክስቴ ካርቶኑን አውጥታ ሰጠችኝ። «ውሰጂው፣ እኛ ጋ አቧራ ይበላዋል» አለች። አንድ በአንድ ከጥጡ ፈታኋቸው፤ ዳኛው አለ፣ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አለች፣ ወፍራሙ ሹፌርም አለ። ከሥር ጄኔራሉ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ያዝኩት። ጋሻው እንደ ሌሎቹ ጥርት ያለ ነጭ አይደለም፣ ወደ ቢጫ ያደላል። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ትንሽ ጉድጓድ አለው፤ ጠርዙ ላይ ክር የቀደደው ጭረት አለ።

«ጥርስ ወታደር አይሆንም ብለሽኝ አልነበር?» አልኳት።

«የሌላ ሰው አይሆንም» አለች አክስቴ።

ከወዲያኛው ክፍል ዝምበል ጥርሱን ሳያደርግ አንድ ነገር ጮኸ። ምን እንዳለ ለማንም አልገባም፤ ጥቃት መሆን አለበት። አክስቴ ማዳመጫዋን አድርጋ ልትረዳው ሮጠች።